ቢጫውን ለብሰሽ ነይ

«አራዳ!»

«ኧረ አራዳ ሌላ ነው። ሽቅርቅር በለው!»

«ሥራ ፈት ነው፣ ቲቸር!»

ክፍሉ ተንጫጫ። መምህር የሺዋስ ጠመኔውን እንደያዙ ፈገግ ብለው ቆሙ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሶሻላይት» ተብሎ ተጽፏል። የዘጠነኛ «ለ» የሳምንቱ የአማርኛ ሥራ ይኸው ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከስልክ ወደ አፍ የገባ አንድ ቃል ይመርጣል፤ ትርጉሙን ይጽፋል፤ ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት ሰምቶ በዓረፍተ ነገር ያሳያል። «ሶሻላይት»ን የመረጠው ታረቀኝ ነው።

ፍቅርአዲስ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች። ከዩኒፎርሟ ጋር ጥቁር ሻሽ አስራለች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ትምህርት ቤት ስትመጣ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ጓደኛዋ ሃኒ ጠዋት በሯ ድረስ ሄዳ ነው ይዛት የመጣችው፤ አሁንም ክንዷን አለቀቀችም።

«ሀብታም መሆን አለበት?» ሲሉ ጠየቁ መምህሩ።

«የግድ አይደለም» አለ ታረቀኝ ደብተሩን ይዞ እንደቆመ። «ሀብታም ከሆነማ ነጋዴ ይባላል። ሶሻላይት የሚታይ ሰው ነው። ሰርግ ላይ ይታያል፤ ምርቃት ላይ ይታያል፤ አዲስ ሱቅ ሲከፈት ከሪባኑ አጠገብ ይታያል። ልብሱ ያምራል። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ የለም።»

ክፍሉ ሳቀ።

«አማርኛውስ?»

«ዘናጭ ብዬ ነበር፤ ግን አልሞላልኝም። ዘናጭማ ጉንደ ወይንም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪውን ተኩሶ አስፋልት ላይ የሚወጣው ሁሉ ዘናጭ ነው። ሶሻላይት ግን የለንም።»

ታረቀኝ ዘንድሮ ነው ከጉንደ ወይን የመጣው። ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ከቤት በሚላክለት ስንቅ ነው የሚማረው። ቀልደኛ ነው። ከተማውን ግን ገና አያውቀውም።

«ጥሩ። ዓረፍተ ነገርህን አንብብ።»

ታረቀኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሶሻላይቷ ለአባቷ ልቅሶ ቢጫ ለብሳ፣ ላይቭ ገብታ መጣች።»

ግማሹ ክፍል በሳቅ ፈነዳ። ግማሹ ግን አልሳቀም። ያልሳቀው ግማሽ የከተማው፣ የማርቆስ ልጅ ነው።

ታረቀኝ አንገቱን ቀና አድርጎ ያልሳቁትን ተመለከተ። «ምነው? ቪዲዮውን አላያችሁትም እንዴ?»

የሃኒ ጣቶች የፍቅርአዲስን ክንድ ጨመቁ። ፍቅርአዲስ ሰሌዳውን ነው የምታየው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይታዩዋታል፤ ቃሉ ግን አይነበብላትም።

«ተቀመጥ» አሉ መምህር የሺዋስ በዝግታ። ፈገግታቸው ጠፍቶ ነበር። «ያንን ዓረፍተ ነገር ነገ ሌላ ጽፈህ ና። ሁላችሁም በዚህ ቃል አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ።»

ቪዲዮው ላይ ያለችው የፍቅርአዲስ እህት፣ ዘሪቱ ናት።

* * *

ነገሩ የሆነው በጥር፣ በሰርግ ወር ነው። አባቷ ቢተው ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገበያው ዳር ባለችው ሱቁ የአንድ ሚዜ ሱሪ እያጠበበ ሳለ ከስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት አልፎ ነበር። ረቡዕ ተቀበረ።

አዲስ አበባ ያለችው ዘሪቱ አልሰማችም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው በሌላ ሰበብ ይጠራል። መናኸሪያ ላይ ዘመድ ይቀበለዋል። እዚያው ዘመድ ቤት ያድርና ማለዳ ላይ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኙን የሚደግፈው ሰው ተዘጋጅቶ ይነገረዋል። አጎቷ ጋሼ እንዳላማው ይህን ሁሉ አሰናድተው ጨርሰው ነበር። የቀረው የሚደውል ሰው ነው። የእናቷ ድምፅ በልቅሶ ተዘግቷል። የአክስቷ የእትዬ ሥራነሽም እንደዚያው።

«ፍቅርአዲስ ትደውል» አሉ ጋሼ እንዳላማው። «የሷ ድምፅ አልሰለለም። ስሚኝ ልጄ፤ የኔው ልጅ ይታያል ሊያገባ ነው በያት። ሌላ አትጨምሪ።»

ከጓሮ፣ ከድንኳኑ ራቅ ብለው ቆሙ። ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ ተነሣ።

«ፊቂዬ! ምነው ድምፅሽ?»

«ጉንፋን ነው። ዜሪ፣ ይታያል ሊያገባ ነው። ዓርብ። ነይ ተብለሻል።»

«የትኛው ይታያል? የጋሼ እንዳላማው? ያ ሴት ሲያይ የሚደነብረው?»

«አዎ። በድንገት ነው።»

«ሚስት በድንገት? መንገድ ላይ አገኛት እንዴ?» ዘሪቱ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። «ፊቂ፣ አባባ ደህና ነው?»

ጋሼ እንዳላማው ሁለት እጃቸውን አወናጨፉ።

«ደህና ነው።»

«ስጪኝ እስኪ።»

«ሱቅ ነው። የሰርግ ልብስ በዝቶበታል።»

«ስልኩ ለምን ተዘጋ? ከትናንት ጀምሮ እኮ ነው የምደውለው። ፊቂ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

እስከዚህ ድረስ የተባለችውን ነው ያለችው። ከዚህ በኋላ ያለው የራሷ ነው። የእህቷ ድምፅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ያንን ማቆም ብቻ ነው የፈለገችው።

«ስልኩ ተበላሽቶ ነው። ደግሞ መልእክት አለሽ። ያን የሰፋልሽን ቢጫ ቀሚስ ለብሰሽ ነይ ብሎሻል።»

«እሱ ነው እንደዚያ ያለው?»

«አዎ።»

«በቃ» አለች ዘሪቱ። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ልጅ ሆኖ ነበር። «በቃ፣ ነገውኑ መጣሁ።»

ጋሼ እንዳላማው የፍቅርአዲስን ራስ ዳበሱ። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ።»

* * *

ቢጫውን ቀሚስ ፍቅርአዲስ ታውቀዋለች። አምና ለፋሲካ ዘሪቱ ስትመጣ አባቷ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወገቧን ለካት። ጨርቁን ከጎረቤቱ ከሐምዱ ሱቅ ራሱ መርጦ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለሌላ ሰው ሳይሰፋ ሰፋው። ጫፉን በእጁ፣ በሁለት ረድፍ ቀምቅሞታል። ዘሪቱ ለክታው «ውይ አባባ፣ ያምራል!» አለችና አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲያ ለብሳው አልታየችም። አዲስ አበባ ያሉ ሱቆች ልብስ ያውሷታል፤ እየለበሰች ትቀረጻለች፤ ግብዣ ላይ ትጠራለች፤ አዲስ ሱቅ ትመርቃለች። ሥራዋ ያ ነው። አባቷ ደግሞ ማታ ማታ እራት ሲበሉ የፍቅርአዲስን ስልክ እየጠቆመ ይጠይቃል፦ «ዛሬስ የቱን ለብሳለች?» ታሳየዋለች። መነጽሩን ከፍ አድርጎ ያያል። «ትከሻው ጠቧታል» ይላል፤ ወይም «ይኸኛው ደህና እጅ ነው የሰፋው» ይላል። ቢጫው የት ሄደ ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠየቀም።

ጎረቤታቸው እትዬ ሽታዬ አንድ ጊዜ ሱቅ መጥተው «ቢተው፣ ያቺ ልጅህ ሽቅርቅር ሆና ቀረች እኮ» ሲሉት መኪናውን አቆመ።

«ዘናጭ በይ፣ እትዬ ሽታዬ። ሽቅርቅር ምን ስም ነው? ዘናጭ ማለት የሰፋለትን ሰው የማያሳፍር ነው።»

ከዚያ መኪናውን መልሶ አስነሣው።

* * *

ሐሙስ ዕለት ጋሼ እንዳላማውና እትዬ ሥራነሽ መናኸሪያ ሄደው የአሥር ሰዓቱን አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ዘሪቱ ግን በሰው መኪና፣ ገና በሰባት ሰዓት ገባች። ቀድማ ደርሳ አባቷን ሥራው ላይ ልታገኘው ፈልጋ ነው።

ቪዲዮው ከሱቁ ደጃፍ ይጀምራል። ዘሪቱ በቢጫው ቀሚስ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትስቃለች። «ማንም አያውቅም እንደመጣሁ! ይኸውላችሁ የአባቴ ሱቅ። ውይ፣ ዘግቷል! ሰውየው ሰርግ ሄዷል ማለት ነው!» ከጎን ሐምዱ ይታያል፤ ጨርቅ እየለካ ነበር። ያያትና መለኪያው ከእጁ ይወድቃል። «ቤት ሂጂ ልጄ» ይላታል። «ቤት ሂጂ።» ፊቱን ያዞራል። መርዶ ነጋሪ መሆን የሱ ተራ አይደለም።

ቀጥሎ ባጃጅ። ቀጥሎ የግቢው በር።

ፍቅርአዲስ በዚያን ሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ለእንግዶች እጅ ታስታጥብ ነበር። መጀመሪያ ያየችው ቀለሙን ነው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በተቀመጡት ሴቶችና በጥቁሩ ሁሉ መሃል ቢጫው ከበሩ ላይ ቦግ አለ። ዘሪቱ እየሳቀች ገባች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቶሎ አልጠፋም። ዓይኗ ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ አንድ ሰው ይፈልጋል።

«አባባስ?» አለች።

ከዚያ እትዬ ሽታዬ ጮኹ። ስልኩ ወደቀ። የቪዲዮው መጨረሻ የድንኳኑ ሸራና ሰማዩ ነው፤ ድምፁ ግን ይቀጥላል። በስልክ የሚከተሏት ሰዎች ቀድተው የተቀባበሉት ያንን ነው።

በነጋታው እትዬ ሽታዬ ለሴቶቹ ሲናገሩ ፍቅርአዲስ ሰማች። «ምነው እናንተዬ! ባታውቅስ፣ ልቧ አይነግራትም? እንዲህ ተሸቀርቅራ! ቢጫ!» ማሰሮዋን ይዛ ቆመች። «እኔ ነኝ ልበሺ ያልኳት» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ። ከዚያ አንዷ ሴት ውሃ ጠየቀቻት። ቀዳችላት።

* * *

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው ውስጥ ትልቅ ድስት ተጥዶ አገኘች። እትዬ ሥራነሽ ከገበያ ጥቁር ቀለም ገዝተው የቤተሰቡን ልብስ እየነከሩ ያጠቁራሉ። ገመዱ ላይ የእናቷ ቀሚስ፣ የራሷ ሹራብ፣ ጥቁር ጥቁር ያንጠባጥባሉ።

ዘሪቱ ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ስልኳን ዘግታ ለእናቷ ከሰጠች ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። ጭኗ ላይ ቢጫው ቀሚስ አለ።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት። «ትምህርት እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው።»

«አሳቁብሽ?»

ፍቅርአዲስ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ዘሪቱ አላመነቻትም፤ ግን አልተከራከረችም። የቀሚሱን ጫፍ በጣቷ ትዳብሰዋለች።

«እትዬ ሥራነሽ ይኸንንም ስጪ ብለውኛል፤ ሊያጠቁሩት ነው። እሰጣቸዋለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስከዛሬ ለመጠየቅ አቅም አጥቼ ነው።» ቀና አለች። ዓይኖቿ ያለ ኩል ትንንሽ ሆነው ነበር። «ቢጫውን ለብሰሽ ነይ ያለው መቼ ነው?»

ፍቅርአዲስ ምራቋን ዋጠች።

«ማክሰኞ ጠዋት ነው? ከመውጣቱ በፊት? ምን እያደረገ ነበር? ፊቂ፣ ሰው ያለው ይበል። ሽቅርቅር ይበሉኝ። አባቴ የመጨረሻ ያለኝን ነው የለበስኩት። እኔ እሱን ብቻ ነው የያዝኩት። ሌላ ምንም የለኝም።»

ከውጭ የድስቱ መንተክተክ ይሰማል። ፍቅርአዲስ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ማክሰኞ ጠዋት» አለች። «መርፌ ላይ ክር እያስገባ ነበር። ክሩ አልገባ ብሎት… ሳቀና፣ ዘሪቱን ንገሪያት አለኝ።»

ዘሪቱ ሳቀች። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ሳቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ግን ቀስ ያለ፣ ፊቷን የሚያሳርፍ ለቅሶ። ተነሥታ ቀሚሱን ግድግዳው ላይ፣ የአባታቸው ኮት ከሚሰቀልበት ሚስማር ሰቀለችው።

«እንግዲያውስ አይጠቁርም» አለች።

ያን ዕለት ፍቅርአዲስ እራቷን አልበላችም። ደብተሯን ከፍታ «ሶሻላይት» ብላ ጻፈች። ከዚያ በታች ምንም አልመጣላትም።

* * *

ታረቀኝ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ሃኒ ነግራዋለች። በአንድ እጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ ይዟል፤ የስንቁ ዳቦ ነው፤ ግማሽ።

«ማርያምን አላወቅኩም» አለ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ዓረፍተ ነገር ነው ያልኩት። ሰው መሆኗን… እንዴት እንደምልሽ አላውቅም። ስልክ ላይ ሲሆን ሰው አይመስልም።» ዳቦውን ዘረጋላት። «እናቴ የጋገረችው ነው። ደርቋል ትንሽ።»

ተቀበለችው። ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች ቆረሰችና በላች።

«ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለ ታረቀኝ። «አትቆጪኝ። ለምን ነው ቢጫ የለበሰችው?»

ቪዲዮው ከተሠራጨ ወዲህ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ፈረደ፤ ማንም አልጠየቀም።

«አባቴ ነው ልበሺ ያላት» አለች ፍቅርአዲስ።

ውሸቱ ምንም ሳያደናቅፋት ወጣ። በስልኩ ጊዜ ድምፅዋ አስታውቆባት ነበር። ትናንት ምራቋን ውጣ ነበር። አሁን ግን ዳቦ እያኘከች ነው ያለችው። ነገ ለሃኒ ትለዋለች፤ ከነገ ወዲያ ለእናቷ። አንድ ቀን ራሷም ያን መርፌና ክር ያየች ይመስላታል። ያን ጊዜ በእውነት ያየችው ሁሉ፣ መነጽሩን ከፍ ማድረጉ፣ «ትከሻው ጠቧታል» ማለቱ፣ የት ይሄዳል? የቀረውን ዳቦ መልሳ በጋዜጣው ጠቀለለችው።

አማርኛ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። ታረቀኝ አዲስ ዓረፍተ ነገር አነበበ፤ ምን እንደነበር አልሰማችም። መምህር የሺዋስ ወደ ኋላ መጡ። ደብተሯን አዩ። ከአንድ ቃል በቀር ባዶ ነው።

«የኔ ልጅ፣ የግድ አይደለም» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይ ቲቸር፣ አመጣለሁ» አለች። «መጀመሪያ አንድ ሰው ማነጋገር አለብኝ።»

* * *

ዘሪቱ ፍራሹ ላይ፣ በዚያው ቦታ ነበረች። ከትናንት ይልቅ ፊቷ ሰው መስሏል። ይህን ማየት ነው ለፍቅርአዲስ ከሁሉ የከበዳት። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ተመልሳ መውጣት ትችላለች። ማንም አያውቅም። የሚያውቁት ጋሼ እንዳላማው ናቸው፤ እሳቸውም ጎበዝ ብለዋታል።

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ወደ ሚስማሩ ሄዳ ቢጫውን ቀሚስ አወረደች። ጫፉን ገልብጣ፣ በእጅ የተቀመቀመው ሁለት ረድፍ ስፌት እንዲታይ አድርጋ፣ እህቷ ጭን ላይ አኖረችው። አጠገቧም ተቀመጠች።

«ምነው?» አለች ዘሪቱ።

«ስፌቱን ያዢው» አለች ፍቅርአዲስ። «ዜሪ፣ አባባ እንደዚያ አላለም። ስደውልልሽ ተቀብሮ ነበር። እኔ ነኝ ያልኩት። መርፌውም ክሩም እኔ ነኝ።»

የዘሪቱ ጣቶች ስፌቱ ላይ እንዳሉ ቀሩ። አልጮኸችም። አልገፋቻትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ባዶው ሚስማር አዞረች። ውጭ እትዬ ሥራነሽ ልብስ ሲጨምቁ ውሃው ይፈስሳል። እናታቸው በሩ ላይ ብቅ ብላ አየቻቸውና ተመለሰች።

«እውነት የሆነ የምነግርሽ ሌላ ነገር አለ» አለች ፍቅርአዲስ። «በየቀኑ፣ እራት ስንበላ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር። በመጨረሻዋ ሰኞ ማታም ጠይቆኛል።»

የዘሪቱ ጣት ከአንዱ ስፌት ወደ ቀጣዩ፣ በጣም በዝግታ፣ መሄድ ጀመረ። የቀሚሱን ጫፍ ግማሽ ያህል ከሄደች በኋላ፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ምን ብሎ?» አለች።